የአንድ ኩንታል በቆሎ መንገድ

(የመግቢያ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጅጋ፣ በማንኩሳ፣ በደንበጫ፣ በሽንዲና በዙሪያው ገጠር ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ ከዚያም ርቃችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ የኢኮኖሚ ትምህርት ዝግጅታችን ሰዓቱን ጠብቆ ደርሷል። ዛሬ ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋችኋል። ወረቀት በአጠገባችሁ ከሌለ የልጃችሁን ደብተር የኋላ ገጽ ተዋሱ። ጥቂት ሂሳብ እንሠራለን፤ ሂሳቡ ግን ከመደመርና ከመቀነስ ብዙም አያልፍም።

ርእሳችን «የአንድ አገር የኢኮኖሚ ተወዳዳሪነት እንዴት ይመዘናል?» የሚል ነው። በዜና ስንሰማው የሚኒስትሮችና የውጭ ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስለናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና እኛ ከቡሬ እህል ገበያ እንጀምር።

አንድ ገበሬ ሁለት ኩንታል በቆሎ በጋሪ ጭኖ ገባ እንበል። ጋሪው ከእህል መጋዘኑ ደጃፍ ቆመ። ነጋዴው ሰላምታ ሰጥቶ ሲያበቃ ቶሎ ዋጋ አይጠራም። መጀመሪያ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አንስቶ ከረጢቱን ከጎኑ ይወጋል። ከመሃል የወጣውን በቆሎ መዳፉ ላይ ያፈሳል። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፤ ቀጭ ካለች ደርቃለች፣ ጥርስ ሲያርፍባት ከለዘበች ገና እርጥበት አላት። በመዳፉ ላይ ዱቄት መሳይ ብናኝ ከቀረ ነቀዝ ገብቷል። ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል፤ ሻጋታ ከሸተተው ፊቱ ይጠቁራል። ዋጋ የሚጠራው ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው።

ገበሬው ዋጋውን ሰምቶ፣ «ባለፈው ሳምንት እኮ ከዚህ ይሻል ነበር!» ይላል። ነጋዴውም ትከሻውን ሰብቆ፣ «አያ፣ ምን ላድርግ፤ መኪናው ጨመረብን» ይለዋል።

አድማጮች፣ «መኪናው ጨመረ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የዛሬው ትምህርታችን በእርሷ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

(አጭር ዜማ)

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። የምሰጣችሁ ቁጥሮች ለመለማመጃ የተመረጡ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ በኋላ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ትተኳቸዋላችሁ።

አንድ ነጋዴ ከቡሬ 50 ኩንታል በቆሎ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ሊሸጥ ነው። አንዱን ኩንታል በ3,000 ብር ገዛ። 50 ጊዜ 3,000፣ 150,000 ብር። አዲስ አበባ በ4,000 ብር ሸጠ። 50 ጊዜ 4,000፣ 200,000 ብር። በመካከል 50,000 ብር አለ። ይህን ያየ ሰው «ነጋዴው ከበረ» ይላል። ቆይ፣ አንቸኩል።

ወጪውን ጻፉ። የመኪና ኪራይ 20,000። ጫኝና አውራጅ 4,000። ከረጢት 3,000። ደላላ 2,000። የብድር ወለድና ልዩ ልዩ 1,000። ድምሩ 30,000 ብር። ከ50,000 ላይ ሲቀነስ 20,000 ብር ይተርፋል። ይህ መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ መኪናው ቶሎ ተገኝቶ፣ ጭነቱ በቀኑ ሲደርስ ነው።

አሁን ነገሩን ትንሽ እናበላሸው። የመንገዱ ወሬ ጥሩ ስላልሆነ ባለመኪናው 32,000 ካልተከፈለኝ አልንቀሳቀስም አለ፤ 12,000 ብር ጨመረ። መንገድ ላይ አራት ቀን ቆመ፤ ለእያንዳንዱ ቀን የመቆሚያ 2,000 ብር፣ ባጠቃላይ 8,000። ወለዱና የሾፌርና የረዳት ወጪው በ1,000 ብር ተጨመረ። ተጨማሪው ወጪ 21,000 ብር ሆነ። የነጋዴው ትርፍ 20,000 ነበር። 1,000 ብር ከሰረ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ያደርጋል? የአዲስ አበባን ዋጋ እርሱ ከፍ ሊያደርገው አይችልም፤ እዚያ በቆሎ ከወለጋም፣ ከሌላውም አካባቢ ይገባል፤ ገዢው ከቡሬ ስለመጣ ብቻ አብልጦ አይከፍልም። የመኪናውን ኪራይም በእጁ አልያዘውም። ሊነካው የሚችለው አንድ ዋጋ ብቻ ቀረ፤ ለገበሬው የሚከፍለውን። 21,000 ብር ለ50 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 420 ብር ነው። እንደ ቀድሞው ለማትረፍ ከ3,000 ብሩ ላይ 420 ቀንሶ 2,580 ብር ይጠራል። «አያ፣ መኪናው ጨመረብን» ያለው ይህንን ነው።

ሂሳቡን በጻፋችሁበት ወረቀት አናት ላይ ይህንን በጉልህ ጻፉልኝ፦ የመንገድ፣ የጊዜና የሥጋት ዋጋ ወደ ኋላ እየተንከባለለ መጥቶ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በማሳው ዋጋ ላይ ነው። የአገር ተወዳዳሪነት የሚባለው ትልቅ ነገር በገበሬው ኪስ የሚታወቀው በዚህ መልክ ነው።

(አጭር ዜማ)

እስቲ አሁን ወደ ትርጉሙ እንምጣ። ተወዳዳሪነት ማለት ምን ማለት ነው? በርካሽ መሸጥ ነውን? አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት መምህር ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት የአገሮችን ብልጫ በሚመረምር መጽሐፋቸው፣ ተወዳዳሪነት ትርጉም የሚኖረው ምርታማነት ተብሎ ሲታይ ብቻ እንደሆነ ተከራክረዋል። ማለትም በአንድ ሄክታር መሬት፣ በአንድ ቀን ጉልበትና በአንድ ብር ካፒታል ምን ያህል ዋጋ ያለው ነገር እናወጣለን ነው ጥያቄው። ሠራተኛን በዝቅተኛ ደመወዝ በመያዝ ወይም የገበሬን ምርት በዝቅተኛ ዋጋ በመግዛት የሚገኝ ርካሽነት ድህነትን ወደ ውጭ መላክ ነው፤ አገር አያሳድግም።

በዚህ መለኪያ የእኛን በቆሎ እንየው። የኢትዮጵያ አማካይ ምርት በሄክታር ወደ 40 ኩንታል ይጠጋል። በአሜሪካ ከ100 ኩንታል በላይ ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጡትን ዲቃላ ዘሮች አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው ያገኘ፣ በመስመር የዘራ፣ አረሙን በወቅቱ የነቀለ ከአገራዊው አማካይ በላይ ያገኛል። ስለዚህ ከአገራችን አማካይ ጋር ሲነጻጸር በዚህ አካባቢ በመሬትና በገበሬ በኩል ያለው ብልጫ ግልጽ ነው። ሌላው ክፍተት የሚጀምረው በቆሎው ከጎተራ ከወጣ በኋላ ነው።

የመንገድ ወጪ ዋጋን መለወጡ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃም የትልልቅ ቅፍለቶች መተላለፊያ ነበረ። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን ምሥራቅ ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣ፣ እንደ ገንዘብም የሚያገለግል ነበር። ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ እዚያ ብዙ አሞሌ በትንሽ ብር የሚሸጠው፣ ዓባይን ሲሻገር ጥቂቱ ብቻ በዚያው ብር ይመነዘራል። ጨው ያው ጨው ነው፤ የጨመረው የበቅሎው ጉዞ፣ የየኬላው ቀረጥና የሽፍታው ሥጋት ነው። የዚያን ዘመን ነጋዴ «መኪናው ጨመረ» ባይልም ሂሳቡ ያው ነበር።

እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 የጻፈው የንጽጽራዊ ብልጫ ሐሳብም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እርሱ የእንግሊዝን ጨርቅና የፖርቱጋልን ወይን ጠጅ ምሳሌ አድርጎ፣ እያንዳንዱ አገር በንጽጽር የተሻለ በሚሠራው ላይ አተኩሮ ቢነግድ ሁለቱም ይጠቀማሉ አለ። እውነት ነው፤ ግን በመካከል ያለው ጉዞ ትርፉን ሁሉ ከበላው ብልጫው በማሳ ላይ እንዳለ ይቀራል።

(አጭር ዜማ)

ዓለም አቀፍ ተቋማት አገሮችን በተወዳዳሪነት እየመዘኑ ደረጃ ያወጣሉ። ሁለቱን እንይ።

የመጀመሪያው የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ያወጣው የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 141 አገሮችን በ12 ምሰሶዎች መዘነ፤ ተቋማት፣ መሠረተ ልማት፣ ጤና፣ ክህሎት፣ የፋይናንስ ሥርዓትና የገበያ ስፋት ከምሰሶዎቹ መካከል ናቸው። ሲንጋፖር 1ኛ ወጣች፤ ኢትዮጵያ 126ኛ ሆነች።

ሁለተኛው የዓለም ባንክ የንግድ ሥራ ምቹነት ሪፖርት ነው። እ.ኤ.አ. የ2020 ተብሎ በወጣው ሪፖርት ከ190 አገሮች ኢትዮጵያ 159ኛ፣ ኬንያ 56ኛ፣ ሩዋንዳ 38ኛ ነበሩ። ሪፖርቱ ይጠይቃቸው የነበሩት ጥያቄዎች ተጨባጭ ነበሩ፤ ንግድ ለማስመዝገብ ስንት ቀን ይፈጃል? መብራት ለማስገባት ስንት ቢሮ ይዞራል? በፍርድ ቤት ውል ለማስፈጸም ስንት ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል? ለውጭ ንግድ የሚያስፈልገውን ሰነድ ለማሟላት ስንት ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል?

ታዲያ እነዚህን ቁጥሮች እንዴት እናንብባቸው? ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የዓለም ባንክ ሪፖርት ኢትዮጵያን የመዘነው በአዲስ አበባ ባለ ድርጅት ምሳሌ ብቻ ነበር። የቡሬ እህል ነጋዴ፣ የፍኖተ ሰላም ብረታ ብረት ሠሪ፣ የሽንዲ በርበሬ ሰብሳቢ በዚያ ሚዛን ላይ አልወጡም። ሁለተኛ፣ ባንኩ ራሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በአንዳንድ አገሮች መረጃ ላይ የተገኘውን መዛባት ምክንያት አድርጎ ሪፖርቱን አቆመው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላ አዲስ መመዘኛ ማውጣት ጀመረ። ስለዚህ ደረጃ ሲነገራችሁ «ምን ተለካ? የት ተለካ? ማን ለካው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ከናካቴው መጣል ስሕተት ነው፤ እንደ ታቦት መሳለሙም ስሕተት ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ሪፖርቶቹ ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ ወደ አካባቢያችን እናምጣው። የንግድ ምኅዳር ስንል በዋናነት ሦስት ነገሮችን እንያዝ፤ ሕግን፣ ገንዘብንና መንገድን።

ከሕግ እንጀምር። ኢትዮጵያ ለ60 ዓመት ገደማ የሠራችበት በ1952 ዓ.ም. የወጣ የንግድ ሕግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ሆኖ አዲሱ የንግድ ሕግ ወጣ። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ቀድሞ ማኅበር ለማቋቋም ሲባል ብቻ የሚስት ወይም የዘመድ ስም የሚገባበት ጊዜ ነበር፤ ያ አስፈላጊነቱ ቀረ። ጥቅሙ ምንድን ነው? ንግዱ ቢከስር ዕዳው በማኅበሩ ንብረት ይወሰናል፤ የባለቤቱ መኖሪያ ቤት አይያዝም። ሥጋቱ ሲቀንስ ሰው ይደፍራል።

ሕግ በመጽሐፍ መልካም መሆኑ ግን በቂ አይደለም። ነጋዴ ዘንድ ሂዳችሁ «ምን ያስቸግርሃል?» ብትሉት ከአዋጁ ቁጥር ይልቅ የሚያነሣው የግብር ግምቱን ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ነው፤ ዛሬ የተፈቀደው ነገ መከልከሉ ነው። ንግድ ከፍተኛ ግብርን እንኳ አስቦበት ሊሸከም ይችላል፤ አስቀድሞ የማያውቀውን ክፍያ ግን ሊሸከም አይችልም፤ በሂሳቡ ውስጥ የሚያስገባበት መስመር የለውምና። ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ሠርተነዋል፤ ከገበሬው ዋጋ ላይ ለሥጋቱ ብሎ ቀድሞ ይቀንሳል።

ወደ ገንዘብ እንለፍ። በኅዳርና በታኅሣሥ በቆሎ ሲሰበሰብ ሁሉም አንድ ላይ ያወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ያው በቆሎ ይወደዳል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ግን የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት፣ የግብር ቀን አይጠብቁትም። በመኸር ሸጦ በሐምሌ መልሶ የሚገዛው አላዋቂ ስለሆነ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ስለሚያጥረው ነው።

ለዚህ መላ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና ፎቅ ብቻ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ንብረትም፣ ማለትም ከብት፣ እህል፣ ማሽን የብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ወደ ጸደይ ባንክ አድጎ ሥራ ጀምሯል። ሌላም የታየ ልምድ አለ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቆሎ የሚገዛበት አሠራር ነበረው፤ ገና ምርቱ ሳይሰበሰብ የግዥ ውል ይፈራረም ነበር። ዩኒየኖቹ ያንን ውል ይዘው ባንክ ሄደው ተበደሩበት። ልብ በሉ፣ መያዣ የሆነው ሕንፃ አይደለም፤ የታመነ ገዢ የፈረመበት ወረቀት ነው። ውል የሚከበርበት ቦታ ወረቀት ራሱ ገንዘብ ይሆናል። ተወዳዳሪነት ከሚባለው ነገር ትልቁ ክፍል ይህ መተማመን ነው።

(አጭር ዜማ)

ሦስተኛው መንገድ ነው። ቡሬ መንገድ የፈጠራት ከተማ ናት ብንል አልተሳሳትንም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አስፋልትና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ገና የጅቡቲ መንገድ ይቀረዋል። የባቡሩ ሐዲድ ብቻ 752 ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ስለሆነች ከ90 በመቶ የሚበልጠው የገቢና የወጪ ንግዷ በጅቡቲ ያልፋል። የምንዘራበት ማዳበሪያም በዚያው በኩል ነው የሚመጣው። የመንገዱ ወጪ እንግዲህ ገበሬውን ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ ሲገዛ ዋጋ በመጨመር፣ ሲሸጥ ዋጋ በመቀነስ።

የመንገድ ነገር ሲነሣ የሰላምን ነገር ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልሉ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ ያ በብር አይተመንም። በንግድ በኩል ያደረገውን ብቻ ስናይ፣ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፣ የባንክ አገልግሎት በየቦታው ተስተጓጉሏል። ቀደም ብለን በወረቀት የሠራነው ኪራይ የጨመረበት ጉዞ ሂሳብ ለብዙ ነጋዴና ገበሬ የኑሮው ሂሳብ ሆነ። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ከኢኮኖሚ መጽሐፍ የተወሰዱ ይመስላሉ፤ አንዱ ከሌለ ሌላው አይሠራም።

(አጭር ዜማ)

እሺ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ምን እንጫን? ሌላ ትንሽ ሂሳብ። ቅድም የመኪናው ኪራይ ለ50 ኩንታል 20,000 ብር ነበር፤ በኩንታል 400 ብር። በቆሎው 3,000 ብር ከተገዛ ኪራዩ ከዋጋው 13 በመቶ ይሆናል። በቆሎውን ትታችሁ ደረቅ በርበሬ ጫኑ፤ ለምሳሌ ያህል አንዱ ኩንታል 30,000 ብር ያወጣል እንበል። ኪራዩ ያው 400 ብር ነው፤ ከዋጋው ግን ከ1 በመቶ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ከወደብ የራቀ አገር የሚያዋጣው በክብደቱ ቀላል፣ በዋጋው ከባድ የሆነ ዕቃ ነው። የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን በርበሬ፣ ማር፣ ከቆጋ መስኖ የሚወጣው አቮካዶ በዚህ በኩል ዕድል አላቸው።

ዕድሉን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ከደጃችን ነው። በርበሬ መሬት ላይ ተሰጥቶ አፈር ይቀላቀለዋል፤ ሳይደርቅ በከረጢት ይታፈናል፤ ይባስ ብሎ ክብደት እንዲያነሣ ውሃ የሚረጭበት አለ። እርጥበቱ ሻጋታ ይፈጥራል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል በዓይን የማይታይ መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በቅመማ ቅመም ውስጥ የሚፈቅደው አጠቃላይ መጠን ከቢሊዮን 10 እጅ ብቻ ነው። ውሃ የረጨው ሰው በአንድ ኩንታል ሁለት ኪሎ አተርፋለሁ ብሎ ሙሉውን መያዣ ከወደብ ያስመልሳል፤ ከእርሱ ጋር የመንደሩ በርበሬ ስሙ ይጠፋል። በበቆሎም እንዲሁ ነው፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ብዙ ሳያልፍ ማድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት መያዝ ነቀዝንም ሻጋታንም ይከላከላል። ጥራትን ለመጠበቅ የሚኒስትር ፊርማ አያስፈልግም፤ ሸራ፣ ፀሐይና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው እሴት መጨመር ነው። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበው ለዚህ ነው። ከይርጋለም፣ ከቡልቡላና ከባዕከር ጋር በአገሪቱ ለሙከራ ከተመረጡት አራት ፓርኮች አንዱ ነው። ሐሳቡ በቆሎውን እንደ በቆሎ ከመጫን ይልቅ ዱቄት፣ ስታርችና የዶሮ መኖ አድርጎ መላክ ነው። በዚያው በቡሬ በባለሀብቱ በላይነህ ክንዴ የተቋቋመው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር እንደሆነ ተገልጿል።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ እንቆቅልሽ እናያለን። ኢትዮጵያ ሰሊጥ ሳይጨመቅ ወደ ውጭ ትልካለች፤ የምግብ ዘይት ደግሞ ከውጭ በብዛት ትገዛለች። ምክንያቱም ሰሊጥ ዶላር ያመጣል፤ ኑግና አኩሪ አተር በበቂ አይቀርቡም። ፋብሪካ ሲገነባ ማሽኑ በአንድ ዓመት ሊተከል ይችላል፤ የሚጨምቀውን ኑግና አኩሪ አተር በቋሚነት የሚያቀርቡ ገበሬዎች ግን በአንድ ዓመት አይገኙም። ገበሬው ከፋብሪካው ጋር ዋጋውና ቀኑ የታወቀ ውል ከሌለው ኑጉን ለመጣለት ነጋዴ ይሸጣል። እንግዲህ ፓርክም ሆነ ፋብሪካ የሚመዘነው በግንባታው ግዝፈት አይደለም፤ በዓመት ስንት ቀን ማሽኑ ይዞራል፣ ከስንት ገበሬስ በውል ይገዛል በሚለው ነው።

ስለ ምንዛሬም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ቀድሞ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወደ ውጭ የሚልክ ሰው በእያንዳንዱ ዶላር ብዙ ብር ያገኛል፤ ይህ ለላኪ ማበረታቻ ነው። ማዳበሪያ፣ ጎማ፣ መለዋወጫና ነዳጅ ግን በዶላር ይገዛሉ። ስለዚህ ምርቱ ወደ ውጭ የሚሄድለት ገበሬና ምርቱ በአገር ውስጥ የሚቀርበት ገበሬ ለውጡ እኩል አልነካቸውም። የምንዛሬ ለውጥ በር ይከፍታል፤ በበሩ ለማለፍ ግን ወደ ውጭ የሚሸጥ ጥራት ያለው ዕቃ መያዝ ያስፈልጋል።

(አጭር ዜማ)

ውድ አድማጮች፣ ሰዓታችን እየተገባደደ ነውና የቤት ሥራ እንስጥ። በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ ክበብ ወይም በዕቁባችሁ ተሰባስባችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ።

በመጀመሪያው ዓምድ ልዩነቱን ጻፉ። በየወሩ መጀመሪያ የአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ በገበሬው ደጅ ስንት ነው? በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገበያስ? በአዲስ አበባስ?

በሁለተኛው ዓምድ ጊዜውን ጻፉ። ጭነቱ ስንት ቀን ፈጀ? ባለፈው ወርስ? ሁልጊዜ ሦስት ቀን የሚፈጅ መንገድ፣ አንዳንዴ አንድ ቀን አንዳንዴ ዘጠኝ ቀን ከሚፈጅ መንገድ ይሻላል፤ ሰው ሊያቅድበት ይችላልና።

በሦስተኛው ዓምድ ተመላሹን ጻፉ። አምና ከእናንተ ከገዙ ነጋዴዎች፣ ፋብሪካዎችና ዩኒየኖች ስንቱ ዘንድሮ ተመልሰው መጡ? ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው ጥራቱን፣ ሚዛኑንና ውሉን ሲያምን ነው።

ይህንን ለአንድ ዓመት የመዘገበ ማኅበር በእጁ ከውጭ ሪፖርት የማያገኘው መረጃ ይኖረዋል። ወረዳ ሄዶ ስለ መንገድ ሲናገር፣ ባንክ ሄዶ ስለ ብድር ሲናገር፣ ፋብሪካ ሄዶ ስለ ውል ሲደራደር በቁጥር ይናገራል። እሮሮ ይሰማና ይረሳል፤ በደብተር የሰፈረ ቁጥር ግን መልስ ይፈልጋል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነጋዴው «አያ፣ መኪናው ጨመረብን» ሲላችሁ አትቆጡ፤ እርሱም በዚያው መንገድ የሚጓዝ ነው። ግን ደብተራችሁን ገልጣችሁ «በስንት ጨመረ? ከዚያስ ውስጥ ስንቱ በእኔ ላይ አረፈ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለዛሬ በዚህ አበቃን። የሰላም ሳምንት ይሁንላችሁ።

(የመዝጊያ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማል)